ባለ አውራ ዶሮው ሰዓት

ባለፈው ሰሞን ሃቫና ስትሪት ላይ ካለው ቅመም ቤት ስወጣ አንድ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ የዕቃ ጋሪያቸውን በሩ መሀል ገትረው መንገዱን ዘጉብኝ። "አባቴ፣ ትንሽ ያሳልፉኝ" አልኩ፣ በጨዋ ደንብ። ዞር ሲሉ ከድር! ያ ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ እንደ ሙሽራ ሲንጎራደድ የነበረው ታክሲ ነጂ፣ ዛሬ ጺሙን ሂና ተቀብቶ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የምስር ዋጋ ያጣራል። አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ "እማማ የሺ!" ብሎ ጮኸ። "ማን ናት ደግሞ እማማ? እትዬ ነበር የምትለኝ" አልኩት። "እሱማ ድሮ ነው፤ ድሮ እትዬ ነበርሽ" አይለኝም መሰላችሁ! ጉልበቱ ነው እንጂ አፉ አላረጀም። እዚያው በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፣ ማን ግድ አለው። "ሰዓቶችሽስ ደህና ናቸው?" አለኝ፣ እንደ ልጆች እየጠየቀ። "እንደ ባለቤታቸው ናቸው፤ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ቆሟል" አልኩት። ያቺ ቅዳሜ ለሁለታችንም ባንዴ ትዝ አለችን መሰለኝ፣ እየተያየን መሳቅ ጀመርን፤ እሱ በዱላው ተደግፎ፣ እኔ በበሩ። የልጅ ልጄ መኪናው ውስጥ ሆና ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ "አያቴ፣ ከም ኦን!" ትላለች። ቤት እስክንገባ አላባራሁም። ልጅቷ አብጃለሁ ብላ እናቷ ጋ ልትደውል ምንም አልቀራት።

ያኔ ኦሮራ፣ ይቺ ዴንቨር ጥግ ያለች ከተማችን፣ እንደ ዛሬው በየማዞሪያው ሐበሻ የሚተያይባት አልነበረችም። ኮልፋክስ ላይ ባስ ስጠብቅ የኛን የሚመስል ፊት ካየሁ ሰውዬው እስኪያፍር ድረስ አፍጥጬ አየው ነበር። ባስ በሳንቲም ነው። ሳንቲሙን ሳጥኑ ውስጥ ስንጥለው እንደ ጠጠር ይንኳኳል፣ ሹፌሩ ቁራጭ ወረቀት ቀዶ ይሰጠናል፣ በእሷ ሌላ ባስ እንቀይራለን። ወረቀቷን ጓንቴ ውስጥ እከታትና እዚያው ረስቻት ስንቴ ከሹፌር ተጨቃጭቄያለሁ። ነዳጅ አንድ ዶላር ከምናምን ሲገባ ሰው ሁሉ "አለቀልን፣ አገር ሊጠፋ ነው" ይል ነበር፤ የዛሬውን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው። የምለብሰው አንዲት ቡናማ ኮት ናት፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአራት ዶላር የገዛኋት፣ ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ ያለባት። እሷን ለብሼ በር ስገባ መጀመሪያ ትከሻዬ ይገባል፣ ከዚያ እኔ እከተላለሁ። ባሌ ዘውዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ጄኔራሏ መጡ" ብሎ ከሶፋው ላይ ብድግ ይልልኝ ነበር። ያቺን ኮት ዛሬ የልጅ ልጄ ለብሳት ትዞራለች፣ ፋሽን ነው አሉ። እኔ ስለብሳት ድህነት ነበረች።

ሥራዬ እንግልውድ ነበር። ሚስ ዶሪስ የምትባል ባሏ የሞተባት አሜሪካዊት አሮጊት ነበረች፣ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ፀጉሯን በቢጉዲን እጠቀልልላታለሁ። መጀመሪያ አንቱ ልላት አስቤ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ፤ አንቺ እያልኳት ለመድን። ቤቷ ሰዓት ብቻ ነበር። ሟች ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው የድሮ የአሜሪካ ሰዓት፣ ግድግዳው ላይ፣ ምድጃው አናት ላይ፣ ኧረ ሽንት ቤት ሳይቀር። አናቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሾለ አለ። ለኩሽና መደርደሪያ ተብሎ የተሠራ፣ እንጨቱ ላይ ቅጠልና አበባ የታተመበት አለ። በጥንድ ክብደት የሚጎተት፣ ቁመቱ ሕፃን የሚያህል አለ። ቁልፍ እየከተትኩ በየሳምንቱ የምሞላቸው እኔ ነኝ። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዘኛለች፤ "ቀስ በይ የሺ! ዶሮ እያነቅሽ አይደለም!" ትላለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የነዚህን ሰዓቶች ቁጥር ግን ያኔውኑ ለመድኩት፤ አንድ እንጨት አንድ ነው፣ ሁለት እንጨት ሁለት ነው። እንደኔ ላለው ሰው አስበው የሠሩት ይመስላል።

ከሁሉ የምትወደው ግን መኝታ ቤቷ ያለውን ነበር። ትንሽዬ ናት ሳጥኗ፣ በሯ መስታወት ነው፣ መስታወቱ ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ተስሏል። ዶሮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት እግር ያለው ይመስላል፤ "አንዱ ጅራቱ ነው" ብላ ትቆጣለች። የሳለችው ራሷ ነቻ! የድሮውን መስታወት ልጇ በኳስ ሰብራው ባሏ ሲቆዝም፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አዲስ መስታወት ላይ ዶሮ ሳለችለት። እሱ ሰውዬ በዕድሜው ከሰበሰባቸው ሰዓቶች ሁሉ ያንን ራስጌው አደረገው። ከሞተ በኋላ እሷ እንቅልፍ የሚወስዳት የዚያን ሰዓት ቀጭ ቀጭታ እየሰማች ነው። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይርላት፣ "ከአልጋዬ በዚያኛው በኩል የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። አንሶላውን ወጠርኩት።

በሽታው ወደኔ ተጋባ። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ዴንቨር ከብሮድዌይ ገባ ብሎ ቀይ ጡብ የሆነ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ጨረታ አለ። እኛ አገር ሐራጅ ሲባል ሰው ይሸማቀቃል፤ የጎረቤት አልጋ ደጅ ወጥቶ ዋጋ ሲጠራበት እናቶቻችን ላለማየት መስኮት ይዘጉ ነበር። እዚህ ሕዝቡ ሆት ዶግ እየገመጠ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ይመጣል። ባርኔጣው ሰፋፊ፣ የቀበቶው ዘለበት ሰሀን የሚያህል፣ ቡትሱ ሹል። ቤቱ የአሮጌ እንጨትና የሰም፣ ምድጃ ላይ ተረስቶ የከሰለ ቡናም ይሸታል። በር ላይ ቁጥር ያለበት ካርቶን ይሰጡናል፣ ዋጋ የጨመረ ካርቶኑን ማንሳት ነው። አጫራቹ ወፍራም፣ ፊቱ ቀይ፣ ሲጠራ ትንፋሽ የማይወስድ ሰው ነው፤ ምላሱ ላይ ንብ ያረፈበት ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን እኔ፣ የመርካቶ ልጅ፣ ዋጋ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ሲሄድ አይቼ የማላውቀው፣ ሰውዬው "አስር!" ሲል ካርቶኔን ብድግ አድርጌ "ስድስት!" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ ደግሞ አንዱ በጠራ አማርኛ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ መርካቶ አይደለም!" አይልም! ዞር ስል ጥርስ በጥርስ የሆነ ጎረምሳ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ። ከድር ማለት ያ ነው።

እሱም የሰዓት በሽተኛ ነበር። ታክሲ ይነዳል፣ መንገደኛ ያወርድና ወደ መጋዘኗ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለታችን ነን። ዋጋው ሲጣፍጥ በክርን እየተጓሸምን፣ ሲመር "ተይው፣ ውስጡ በስብሷል" እየተባባልን። ዕቃዬን ታክሲው ላይ ይጭንልኛል፣ አንዲት የትዝታ ካሴት አለችው፣ ቴፑ ስላኘካት ዘፋኙ መሀል ላይ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ አብረን እንንቀጠቀጣለን። ሚስቱ የበኩር ልጇን ስትወልድ ዘመድ የላትም፣ አጥሚት እያፈላሁ ያመላለስኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ከድር ውለታ መላሽ ሆነና አረፈው። በተለይ ምግብ ቤት አይጣል ነው። ምሳ በልተን የሂሳቡ ቢል ሲመጣ ሰው ፖሊስ ሊጠራ ይደርሳል። እሱ "ወላሂ በኔ ነው!" ይላል፣ እኔ "ሞቼ ነው ቆሜ? በኔ ነው!" እላለሁ፣ እሱ ይነጥቀኛል፣ እኔ ጃኬቱን እይዛለሁ። አንዴ ቢሉ መሀላችን ተቀደደና አስተናጋጇ አዲስ አትማ ጠረጴዛው ላይ ጥላልን ሸሸች። ጨዋታችን ነው እንግዲህ፣ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። በል ቻው ብሎ ሌላውን ሲያስከፍል ያደረ ሰው አገር ቤት ስሙ ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ።

በዚያ ዓመት በረዶው ሲጠና ሚስ ዶሪስ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ቀጥታ ኦሮራ ያለ ነርሲንግ ሆም አስገቧት። ልጇ ከሌላ ስቴት መጣች፣ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ሥራዋ እያጣደፋት ነው፣ ቤቱን በጥድፊያ አስለቀቀችና ዕቃውን በሙሉ ለጨረታ ሰጠች። እኔ ልጠይቃት ስሄድ ሴትየዋ ሌላ ሰው ሆናለች። ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ተተክሏል። "ክፍሉ ጸጥ ይላል የሺ፣ በጣም ጸጥ ይላል" አለችኝ። እንቅልፍ የለም። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጧታል፣ ቀን ያደነዝዛታል እንጂ ማታ ዓይኗን አይከድንላትም። ሾርባዋ እንደቀረበ ይመለሳል። ደግሜ ስሄድ ስሜን ረስታዋለች፣ ክንዷን ስይዝ የወፍ ክንፍ የያዝኩ መሰለኝ። ነርሷን ኮሪደር ላይ ጠየቅኳት። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልደበቀችኝም፤ "ካልተኛች አትበላም፣ ካልበላች ደግሞ ሩቅ አትሄድም" አለችኝ። ተመልሼ ገብቼ ብርድ ልብሷን ሳስተካክል እጅጌዬን ያዘች። "ቤቴን አልጠይቅም" አለች፣ "ዶሮዬን ብቻ"።

"አመጣልሻለሁ" አልኳት። አፍ ምን ገዶት።

ቅዳሜ ደረሰ። ዘጠና ዶላር በመሐረብ ቋጥሬ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ። በስልክ ለከድር ነግሬዋለሁ፣ የዶሪስን ነገር፣ የዶሮውን ነገር፣ ሁሉን። "ኤርፖርት የማደርሰው ሰው አለኝ፣ ከቻልኩ እመጣለሁ" ብሎኛል። እኔም አልሰጋሁም፤ ሰብሳቢዎቹ የሚሻሙት ለትልልቆቹ ነው፣ ባለ ሦስት እግር ዶሮ ማን ይፈልጋል ብያለሁ። እውነትም የዶሪስ ሰዓቶች አንድ ባንድ ሲወጡ፣ በእጄ ስሞላቸው የከረምኩት ሁሉ፣ ባርኔጣ ለባሾቹ እየተናጠቁ ወሰዷቸው። እንደ ዘመድ ሬሳ እስከ በሩ በዓይኔ ሸኘኋቸው። በመጨረሻ ዶሮው ወጣ። አጫራቹ ራሱ ፈገግ አለ። አስር ብሎ ጀመረ፣ እኔ አነሳሁ። ሃያ፣ አንዲት ሴትዮ። ሠላሳ፣ እኔ። ሴትየዋ ተወችው። "ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ" ሲል ደስታዬ ጉሮሮዬ ደርሷል፣ ከበሩ በኩል "አርባ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስል ከድር! በረዶው ትከሻው ላይ አልቀለጠም፣ ካርቶኑን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ይስቃል። ደሜ ፈላ። "አንተ! ምን ነካህ? የዶሪስ እኮ ነው!" አልኩት በአማርኛ፣ አዳራሹን አቋርጬ። "አውቃለሁ እትዬ! አንቺ እጅሽን አውርጂ፣ በኔ ነው!" ይለኛል። ገባኝ። ሰውዬው ሊጋብዘኝ ነው።

"ምን ሲደረግ! ሃምሳ!"

"ወላሂ አትከፍይም! ስልሳ!"

"ሞቼ ነው ቆሜ? ሰባ!"

"የአጥሚቱ ነው በይው! ሰማንያ!"

"አጥሚት በገንዘብ ይመለሳል? ባለጌ! ዘጠና!"

"በእናትሽ ተይኝ! መቶ!"

"አፈር ስሆን በኔ ነው! መቶ አስር!"

መቶ አስር ካልኩ በኋላ ነው ዘጠና ዶላር እንዳለኝ ትዝ ያለኝ። ግን አንዴ ተገብቶበታል። ምግብ ቤት ማለት ነው፣ ቢሉን ቀድሞ የለቀቀ ተሸነፈ። አጫራቹ አንገቱን ወደ እሱ፣ ወደኔ፣ ወደ እሱ፣ ወደኔ፣ ፊቱ በደስታ እንደ በርበሬ ቀላ። ጠላቶች መስለነዋል። ፊት ወንበር ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ግንባሩ ላይ አጉሊ መነጽር ያሰረ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጋዜጣውን ያነብ ነበር። ጋዜጣውን አጠፈ። ከድርን አየ። እኔን አየ። ዶሮውን አየ። ሁለት ሐበሻ በማያውቀው ቋንቋ እየተማማሉ የሚተናነቁበት ሰዓት ምን ቢሆን ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑን አነሳና "ሁለት መቶ" አለ።

እኔ ከድርን አየሁ፣ ከድር እኔን አየ። መዶሻው ጧ!

"ወሰደው?" አለኝ ከድር።

"ወሰደው።"

"ታዲያ ለምን አትጨምሪም?"

"አንተ አይደለህ በኔ ነው ስትል የነበርከው? ለምን አትጨምርም?"

"አንቺ እንቢ ብለሽ የምትጨምሪ መስሎኝ ነዋ!"

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ያ የሚመለሰው ሾርባ ፊቴ ድቅን አለ። እዚህ ላይ መሳቅ አልቻልኩም፣ ዛሬም ስናገረው አልስቅም። ከሰው ልጅ የተረፈውን ትንፋሽ "በኔ ነው በኔ ነው" ብለን በጨዋነት አስበላነው ብዬ አሰብኩ። ከድርም ጃኬቱን እያሻሸ፣ "ተነሺ እትዬ፣ እንለምነዋለን" አለ፣ "ሰው አይደለም እንዴ?"

ፓርኪንጉ ላይ ደረስንበት። ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ሊጭን ነው። ከድር እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አስረዳው። ሰውዬው ቅንድቡን ሰብስቦ ይሰማል። "ቆይ፣ አንተ የምትገዛው ለእሷ ነበር?" አለ። "አዎ።" "እሷ መግዛት እየፈለገች?" "አዎ።" "ታዲያ አንቺ ለምን ዋጋ ትጨምሪበታለሽ?" አለኝ። "እሱ እንዳይከፍል ነዋ!" አልኩት። አንዴ እኔን አንዴ ሰማዩን አየ። እኔ አልተገለጸለትም ብዬ ልቡን ላራራ ተነሳሁ፤ የዶሪስን መውደቅ፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ ሾርባዋን ነገርኩት። እንባዬም መጣ። "ይሄን ዶሮ እኮ በገዛ እጇ ነው የሳለችው! ልጇ የድሮውን መስታወት በኳስ ሰብራው፣ እሷ ኩሽና ቁጭ ብላ" ስል የሰውዬው ፊት ተለወጠ። ብርድ ልብሱን ገፎ፣ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ በጥፍሩ የዶሮውን ጅራት ጫር ሲያደርግ ቀይ ቀለም ተፈርፍሮ እጁ ላይ ቀረ። ለካ እነሱ ዘንድ መስታወቱ ከተቀየረ ሰዓቱ ዋጋ የለውም! እግዜር ያውቃል እኔ ልቡን ብዬ ነው፣ እሱን ያመመው ኪሱን ነው።

መኪናው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ከድር ተጠጋሁ። ሰውዬው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ እስኪወድቅ። "ሁለት መቶ ዶላር! ለዚህ ዶሮ!" ይላል። እንባውን ጠረገና "መቶ ስጡኝና ከፊቴ አንሱልኝ" አለን። እልል! ዋጋ ወደ ታች ሊሄድ ነው፣ ይሄማ አገሬ ነው! "መቶ? እግሩ እኮ ሦስት ነው!" አልኩት። "ዘጠና።" "መስታወቱ አዲስ ነው፣ አሁን አይተኸዋል።" "ሰማንያ፣ ከዚህ በታች ሚስቴ ቤት አታስገባኝም።" "ሰማንያ ይሁን፣ ለሚስትህ ስል" አልኩ።

መሐረቤን ከጡቴ ሥር አወጣሁ። ከድር ቦርሳውን መዘዘ።

"በኔ ነው" አለ።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ሰውዬው ሁለት እጁን ሰቅሎ መሀላችን ገባ። "ኖ! ኖ! ኖ! አርባ እሷ፣ አርባ አንተ! ካለዚያ መኪናዬ ላይ እመልሰዋለሁ!" አለ። ግማሽ በግማሽ! እኔና ከድር! ፓርኪንጉን ግራና ቀኝ ገላመጥን፣ ሐበሻ የለም። እንደ ሌባ ፈጠን ብለን አርባ አርባ ወረወርንለትና ላይወራ ተማምለን ሄድን። ይኸው ዛሬ አውርቼ አስጻፍኩት፣ ከድር ያንብበው።

ሰዓቱን ታክሲው ውስጥ አስቀምጠን ቀበቶ አሰርንለት። ከድር እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የነዳው፣ ከኋላ የሚነፋብን የጥሩምባ ዓይነት። መጋዘኗ ዛሬ ፎቅ ሆናለች፣ ሥሯ ውሻ የሚያጥቡበት ሱቅ ከፍተዋል። ጨረታውም ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ የልጅ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ በጣቷ ነካ ታደርግና "አያቴ፣ ሰዓት ገዛሁልሽ" ትለኛለች። ማንን አየሽ? ከማን ተጣላሽ? አይ፣ ጎበዝ ናት፣ ሰዓቱም ጥሩ ነው፣ በዚያ ላይ ተረክሷል፤ ወጣቱ አይፈልገውም። ግን ሳጥኑ በፖስታ ሲመጣ የሚሸተው ካርቶን ካርቶን ነው።

ነርሲንግ ሆሙ ስንደርስ ነርሷ በር ላይ ያዘችን። "ቀጭ ቀጩ ግድ የለም፣ የሚደውል ከሆነ ግን አይቻልም፣ ሌሎቹን ይረብሻል" አለች። ከድር ምንም አላመነታም፣ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ የመደወያዋን መዶሻ ጠቀለለባት። "ንጹሕ ነው?" አልኩት ቀስ ብዬ። "ለጁምዓ ያደረግኩት ነው" አለ። "ጁምዓማ ትናንት ነበር!" አልኩት። ቋጠሮውን አጠበቀው።

ሰዓቱን ኮመዲኖዋ ላይ አቆምነው፣ ሞላሁት፣ ተወዛዋዡን በጣቴ ገፋ አደረግኩት። ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ ማለት ጀመረ። ዶሪስ ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ነው። አልዞረችም። "ሚስ ዶሪስ፣ ዶሮሽ መጣ" አልኳት። እጇን ያዝኩ፣ ቀዝቅዟል። ከድር አንድ እግሩ ባዶውን መስኮት መስኮቱን ያያል። አርፍደናል፣ በቃ፣ ልቧ ሄዷል አልኩ በሆዴ። ከዚያ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ያነክሳል" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሰዓቱ ያነክሳል። አይሰማሽም? በግራ እግሩ ሥር የሆነ ነገር አድርጊ። ስንት ጊዜ ነው የማስተምርሽ፣ የሺ?"

የሺ! ስሜ! ያቺን የጨረታ ካርቶን አጥፌ ከግራ እግሩ ሥር ሸጎጥኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እኩል ሆነ። ያኔ ዞረች። ዶሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከድርን ከላይ እስከ ታች አየችው። አፍንጫዋን ሸብሰብ አድርጋ "ምንድነው የሚሸተው?" አለች። ከድር ባዶ እግሩን ከመጋረጃው ኋላ ደበቀ።

ቤቴ ገብቼ ግን አልተረጋጋሁም። አላውቃትም እንዴ ይቺን ዓለም፤ አንዴ ስምሽን ጠርታ በማግሥቱ የምትሄድ አሮጊት ስንት አይቻለሁ። ጠዋት ገና ሻዩን ሳልቀዳ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት። "እትዬ" አትል ነገር፣ "ሚስ የሺ፣ ትናንት ክፍሏ ውስጥ ምን አድርጋችሁ ነው የሄዳችሁት?" አለችኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። "ምነው? ምን ሆነች?" አልኩ።

"እሷማ ምን ትሆናለች? ቁርሷን በልታ ሁለተኛ ቶስት አምጡ እያለች ነው። ከጎኗ ያሉት ሽማግሌ ናቸው ያስቸገሩኝ፣ ዓይናቸው ደም መስሎ ማልደው ቢሮዬ መጡ። ሰዓቱን ላንሳልዎት ብላቸው፣ 'ሰዓቱ ምን አደረገኝ፣ ሴትየዋን ዝም አስብሉልኝ! እንደ ትራክተር ስታንኮራፋ ነው ያደረችው!' አሉኝ" አለች።

ስልኩን ዘጋሁና ከድር ጋ፣ ያቺ ጡብ የምታህል የታክሲው ስልክ ላይ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነው፣ መንገደኛ ጭኗል። "ታንኮራፋለች!" አልኩት፣ ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ።

"ማን?"

"ዶሪስ ናታ!"

"አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ሲጮህ መሪውን ሳይለቀው አልቀረም፤ ከኋላ የተሳፈረው ሰው ደንግጦ "ምንድነው? ምን ተፈጠረ?" ሲለው ይሰማኛል።

"ምንም የለም ጌታዬ፣ ይደሰቱ፣ አሮጊታችን አንኮራፋች!" አለው።